ፊት ለፊት፦ የአንድ ክረምት የጭፈራ ሥራ ማስታወሻ

ሐምሌ 3

የሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ቁልፍ ዛሬ ተሰጠኝ። ጳጉሜን 5 ማታ ሰፈሩ የዘመን መለወጫ ዝግጅት አለው፤ የእኔ ድርሻ 14 ልጆች የባህል ጭፈራ እንዲያቀርቡ ማዘጋጀት ነው። ትንሹ 9 ዓመቱ ነው፣ ትልቋ 16። አዳራሹ ውስጥ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ ከዓመታት በፊት የተሰፉ የጥልፍ ቀሚሶች፣ በፍላሽ የተጫኑ ዘፈኖች አሉ። ከበሮ የለም።

«የምታውቁትን አሳዩኝ» አልኳቸውና ዘፈን ከፈትኩ። ትከሻቸው ይሠራል፤ አንዳንዶቹማ ከእኔ ዘመን ልጆች ይበልጣሉ። ሁሉንም ከስልክ ነው የተማሩት። ግን አሥራ አራቱም ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ጨፈሩ። አንዱ ሌላውን አላየም፣ አንድም አፍ አልዘፈነም፣ አንድም እጅ አላጨበጨበም። ዘፈኑን ሳቆመው ትከሻውም እዚያው ቆመ።

እኔም መድረክ ላይ 11 ዓመት እንዲህ ጨፍሬያለሁ። በመጀመሪያ ግን የጨፈርኩት ቢቸና አጠገብ፣ በአክስቴ ሠርግ ዳስ ውስጥ ነው፤ ስድስት ዓመቴ ነበር። እዚያ ተመልካች የሚባል ሰው አልነበረም። የሚያጨበጭበው ቆይቶ ይገባል፣ የጨፈረው ወጥቶ ያጨበጭባል። ከፊቴ የነበረችው የአጎቴ ልጅ ናት፤ ዓይኗን እያየሁ ነው ትከሻዬን ያንቀሳቀስኩት። በዚህ ክረምት ለእነዚህ ልጆች ያንን ዳስ ማሳየት እፈልጋለሁ።

ሐምሌ 5

ከዝግጅት ኮሚቴው ጋር ተቀመጥን። የተጻፈልኝ ዕቅድ «የአምስት ብሔረሰቦች ውዝዋዜ፣ 8 ደቂቃ» ይላል። ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል መሆኑ ነው፤ በመካከል ልብስ ይቀየራል።

አንድ ጭፈራ ብቻ፣ ግን ሙሉውን ማቅረብ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ሰብሳቢው በትሕትና «እህቴ፣ ይህ ሰፈር ከየቦታው የመጣ ሰው የሚኖርበት ነው፤ ሁሉም የራሱን ማየት ይፈልጋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን አንድ ደቂቃ ተኩል ምን እንደሚቆርጥ አውቃለሁ፤ ለዓመታት ስቆርጠው ኖሬያለሁና። የትግራይን ኩዳ ውሰዱ። ከበሮ አንጋቾቹን ተከትሎ ሰው በክብ ይዞራል፣ በዝግታ፣ ረዘም ላለ ጊዜ፤ ከዚያ ነው ከበሮው የሚፈጥነውና ጉልበትና ትከሻ የሚነሣው። ለመድረክ ሲቆረጥ የሚቀረው የመጨረሻው ፍጥነት ብቻ ነው። ፍጥነቱን የወለደው ረጅሙ ዙር ይጠፋል። በሐረርጌው ሸጎዬ ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ቆመው በዘፈን ይጠያየቃሉ። ጥያቄው ሲወጣ የሚቀረው የአንገትና የፀጉር ውርወራ ነው፤ ያየ ሰው «ኦሮሞ እንዲህ ፀጉሩን ያወዛውዛል» ብሎ ይሄዳል። የጉራጌው እግርና ጭብጨባ፣ የወላይታው ወገብ፣ ሁሉም እንዲህ ከሰውነት ላይ ተቆርጦ የወጣ አንድ ብልት ይሆናል። ሀገርን በጭፈራዋ አየሁ የሚል ሰው እኛ የሰጠነውን ብልት ብቻ ነው ያየው።

ይህን ስል የቀደሙትን መውቀሴ አይደለም። በ1927 ሀገር ፍቅር ሲቋቋም፣ በ1948 ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሲከፈት፣ የገጠሩን ጭፈራ ከተማ መድረክ ላይ ያወጡት ሰዎች ትልቅ ነገር ሠርተዋል። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር፤ በ1980 «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ጓድ ይህንኑ ይዞ አውሮፓና አሜሪካ ዞሯል። እነሱ ባይኖሩ እኔ የዚህ ሙያ ሰው አልሆንም ነበር። ግን መድረኩ ተመልካችን ከአንድ ወገን ስላስቀመጠ ጭፈራው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞረ። ዳስ አራት ወገን አለው።

ተስማማን። አንድ የጎጃም ጭፈራ፣ ከ15 ደቂቃ ያላነሰ። የሌሎቹን አካባቢዎች ጭፈራ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ያደጉበት እናቶችና አባቶች ራሳቸው እንዲያስተምሩ ኮሚቴው ይጠይቃል። ይህን በቃለ ጉባኤ አስጻፍኩ።

ሐምሌ 9

የመጀመሪያው ችግር ቁጥር ነው። ልጆቹ የለመዱት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ነው። ችክችካ የሚባለው የዘፈናችን ምት ግን በስድስት ነው የሚሄደው፤ ሦስት፣ ሦስት እየሆነ፣ ሁለት ከባድ ምት ይዞ። በአራት ቆጥረው ሲገቡ ትከሻቸው ከዘፈኑ ጋር ይጋጫል፤ ከዚያ ለማካካስ ይፈጥናሉ። ፈጥኖ የሚንቀጠቀጥ ትከሻ ደግሞ እስክስታ አይደለም።

ቁጥሩን ተውነው። በእግራቸው ከባዱን ምት እየረገጡ አዳራሹን እንዲዞሩ አደረግኩ። ምንም ጭፈራ የለም፣ መርገጥ ብቻ። 40 ደቂቃ ወሰደ። መጨረሻ ላይ አብዛኞቹ ገቡበት።

ሐምሌ 12

ትልቋ ልጅ ዛሬ «እትዬ፣ ለምን እንዘፍናለን? እኛ ተወዛዋዦች አይደለንም ወይ?» አለችኝ።

መልሱን ሳስብ አመሸሁ። «ውዝዋዜ» የመድረክ ቃል ነው። ያደግኩበት አገር «ተወዛወዝን» የሚል ሰው አልሰማሁም፤ «ዘፈንን»፣ «ጨፈርን»፣ «እስክስታ ወረድን» ነው የሚባለው። ግእዙም እንዲሁ ነው። «ዘፈነ» ማለት በእግርና በሰውነት መጨፈር ነበር፤ ዛሬ በአማርኛ ለድምፁ የሰጠነው ቃል ትናንት የሰውነቱ ነበር። አፍና ትከሻ በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር ማለት ነው። ዘፋኙንና ተወዛዋዡን የለያየነው፣ ለአንዱ ማይክሮፎን ለሌላው ልብስ የሰጠነው እኛ ነን።

ነገ ይህንኑ እነግራታለሁ። ፍላሹንም ቤት ትቼው እሄዳለሁ።

ሐምሌ 17

ከበሮ ፍለጋ መርካቶ ዋልኩ። አዲሱ ከአቅማችን በላይ ነው። ቆዳው የተቀደደ፣ እንጨቱ ግን ጤነኛ የሆነ አሮጌ ከበሮ አገኘሁ። ሻጩ ዋንዛ ነው አለኝ፤ አንድ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ እንጂ የተገጣጠመ አይደለም። ሁለቱም አፉ ላይ ስንጥቅ የለም። አንደኛው አፍ ሰፊ ነው፣ ሌላው ጠበብ ያለ። ቆዳውን ራሳችን እንለብጠዋለን። ልጆቹም ከበሮ ከምን እንደሚሠራ ይዩ።

ሐምሌ 24

ከቄራ አካባቢ የገዛነውን ቆዳ ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ አቆየነው። ፀጉሩን በአመድ አሽተን በቢላዋ ፋቅነው። ሽታው ከባድ ነበር፤ ሦስት ልጆች ውጭ ወጡ፣ ሁለቱ ተመለሱ። ከአፉ አራት ጣት ያህል እንዲተርፍ አድርገን ቆረጥነው፤ ጠርዙን በሳን፤ ከላይኛው ወደ ታችኛው ቆዳ በጠፍር እየወጠርን አሰርነው። በእርጥብነቱ ነው የሚወጠረው፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል።

ማታ ዝናብ ጣለ፤ እንዳይሸት ፈራሁና ከበሮውን ከከሰል ምድጃ አጠገብ አስጠጋሁት። ጠዋት ሰፊው አፍ ከጠርዙ እስከ መሐሉ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጆቹ ሲያዩት ምንም አላሉም፤ ያ ዝምታቸው ነው ያሳዘነኝ።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። አብዛኞቹ ቤተሰቦች በጾሙ 15 ቀን ልጆቻቸው እንዲጨፍሩ አይፈልጉም፤ ትክክልም ናቸው። ጾም የሌለባቸውን ብቻ ለይቼ ማስተማር ቡድኑን ለሁለት መክፈል ስለሆነ ሁላችንም አቆምን።

ከሰዓት በኋላ ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ፣ የደብራችንን የአቋቋም (የማኅሌት ሥርዓት) መምህር አነጋገርኳቸው።

«የኔታ፣ ቆዳው ተሰነጠቀብኝ።»

«በእሳት አደረቅሽው?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ቆዳ በጥላና በነፋስ ነው የሚደርቅ። በእሳት ያደረቅሽው ድምፁም ቁጡ ይሆናል።»

ከዚያ ስለ ጠፍሩ ነገሩኝ። በቤተ ክርስቲያን የከበሮው ጠፍር የጌታ የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ ነው፤ ስለዚህ አስተሳሰሩ ላይ አይቸኩሉም። ማኅሌቱ እንዴት እንደሚሄድም ጠየቅኳቸው። በመጀመሪያ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከዚያ መቋሚያውን እያወዛወዙ የሚያዜሙበት ዝማሜ፤ ከዚያ ከበሮው በእርጋታ ይገባል፤ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ጭብጨባ ያለበት ጽፋት ይመጣል። ከበሮ መጀመሪያ አይገባም፤ ድምፁ ጸንቶ መቆሙን ካየ በኋላ ነው የሚገባው።

ወደ ቤት ስሄድ ያሰብኩት ይህን ነው፦ እኔ ልጆቹን ከትከሻ ጀመርኳቸው፤ ይህ ማለት ቤቱን ከጣሪያው መጀመር ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ወደ ዘፈን አላመጣም፤ ቦታው ሌላ ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ተምሬያለሁ። ድምፅ፣ ጭብጨባ፣ ከበሮ፣ መጨረሻ ላይ ትከሻ።

ነሐሴ 8

ሁለተኛው ቆዳ ከተወጠረ አምስተኛ ቀኑ ነው። ኮሪደር ላይ፣ ነፋስ በሚገባበት በኩል ሰቅዬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ጠፍሩን ትንሽ ትንሽ አጠብቃለሁ። በጣቴ ስነካው ገና ደብዛዛ ነው።

ነሐሴ 13

ዛሬ ቡሄ ነው። ትናንት ማታ በሬ ተንኳኳና ስከፍት የእኔው ወንዶች ልጆች ናቸው፤ ስድስቱም፣ ዱላ ይዘው።

አንዱ ሆያ ሆዬን ያወጣል፣ ሌሎቹ «ሆ!» ብለው ይቀበላሉ፤ ዱላው መሬቱን ይመታል። በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ምቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልተዛነፈም። አውጪው የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው ልጅ። ስሜን በግጥሙ አስገባ፤ የበሬን ቀለም አስገባ፤ ዳቦ እስክሰጠው አወደሰኝ። አውጪና ተቀባይ ምን እንደሆነ፣ ፊት ለፊት ያለውን ሰው አይቶ እዚያው ግጥም መሥራት ምን እንደሆነ ይህ ልጅ ያውቃል። እኔ ግን ሐምሌን ሙሉ ምንም እንደማያውቅ አድርጌ ሳስተምረው ከረምኩ።

ሴቶቹም መስከረም 1 ከበሮ ይዘው አበባየሆሽ ሊሉ ነው፤ «ለምለም» እያሉ የሚቀበሉትን ማንም በሒሳብ ደብተር አላስተማራቸውም። ዳሱ የጠፋ መስሎኝ ነበር። ከሰፈር ልጅ በር አልጠፋም።

ዳቦዬን ሙልሙል አድርጌ አልጋገርኩም ነበር፤ ከሱቅ የገዛሁትን ነው የሰጠኋቸው። ለከርሞ ሙልሙል ይጋገራል።

ነሐሴ 17

ጾሙ ተፈታ፤ ተመለስን። ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ማንም አልተነሣም።

የቡሄውን አውጪ «ያንን ሌሊት ያደረግከውን አድርግ፤ ዜማው ብቻ ይለወጥ» አልኩት። የጎጃሙን ዜማ ሦስት ጊዜ አዜምኩለት። ተቀባዮቹን በሁለት ከፈልኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ድምፅ ብቻ። አንድም ትከሻ አልተነቃነቀም፣ ወይም እንዳይነቃነቅ ከለከልኩ። አንድ ሰዓት ሲሆነን ትንሹ ልጅ መያዝ አልቻለም፤ ተቀምጦ ሳለ ትከሻው ራሱ ወጣ። ከዘፈኑ ጋር ነበር፤ በስድስቱ ላይ። ሐምሌ ላይ በቁጥር ስንት ቀን የለፋንበትን ትከሻው በራሱ አገኘው።

ከበሮውም ደርሷል። ሰፊው አፍ ከደረት የሚወጣ ድምፅ አለው፤ ጠባቡ ጥርት ብሎ ይመልሳል። ሁለቱን እጅ ለማስማማት ከበሮ መቺዋ ገና ትቸገራለች።

ነሐሴ 23

ጭብጨባችን እየፈጠነ አስቸግሮን ነበር። ሰው ሲደሰት ያፈጥናል፤ ከበሮ መቺዋም ጭብጨባውን ትከተላለች፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ይደክማል።

ዛሬ ከልጆቹ አንዷ፣ ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ሙስሊም ናቸው፣ ሳትጠየቅ ከፊት ቆማ ጭብጨባውን ያዘች። አልፈጠነችም። ሌሎቹ ሲጎትቷት አልተጎተተችም። ከየት እንደተማረችው ስጠይቃት «ቤታችን መንዙማ ሲባል» አለችኝ። አያቷ ድቤ ሲመቱ እሷ ከሴቶቹ ጋር ታጨበጭባለች፤ እዚያ መቸኮል ነውር ነው። ረጅም ሌሊት የሚዘልቅ ጭብጨባ ነው የተማረችው።

ከዛሬ ጀምሮ ጭብጨባውን የምትመራው እሷ ናት። የጎጃም ዘፈን በወሎ መንዙማ እጅ መያዙ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ጥያቄ ከሰጠሁት መልስ ሁሉ ይሻላል። ሰፈሩ በራሱ መንገድ ገባበት።

ነሐሴ 29

አሁን ትከሻ። ሁለት ሁለት ሆነው ወደ መሐል ይገባሉ፣ ፊት ለፊት። ሕጉ አንድ ነው፦ ዓይንህን ከፊትህ ካለው ሰው አታንሣ። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች በሳቅ ፈረሱ። ዓይን ለዓይን መተያየት ለካ ከትከሻው ይከብዳል።

ቀስ በቀስ ያየሁት፣ ሲተያዩ ጭፈራው ንግግር ይሆናል። አንዷ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ ስትጠይቅ ልጁ አንገቱን መዝዞ ይመልሳል፤ «እስ» የሚለው ትንፋሽ ሳላስተምራቸው መጣ። ዱላውን በትከሻው አግድም የያዘው ልጅ ቦታ ስለሚያስፈልገው ክቡ ራሱ ሰፋለት። ማን መቼ እንደሚወጣ አልነገርኳቸውም፤ ሲደክም የሚያዩት እነሱ ናቸው፣ የሚተካውም ያየ ነው።

አንድ ልጅ አርፍዶ መጣ። አውጪው ወዲያው እንዲህ አለ፦

ዝናቡም አባራ፣ ጭቃውም ደረቀ፤
ከበሮው ሲጠራው ማን ይሆን የራቀ?

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ያረፈደው ልጅ ቦርሳውን ሳያወርድ ክቡ ውስጥ ገብቶ በትከሻው መለሰ። እኔ ያንን ግጥም አላስተማርኩም። ከዚህ ወዲያ ምን ላስተምራቸው ብዬ ተቀመጥኩ።

ጳጉሜን 2

የወንበር ነገር። አዳራሹ ወደ መድረክ የተሰለፈ 120 ወንበር አለው። ወንበሮቹን በክብ እንድናዞር ጠየቅኩ። ሁለት ስብሰባ ፈጀ። መድረኩ ላይ ካልሆነ ከኋላ ያለው አያይም የሚለው ክርክር ጠንካራ ነበር። በመጨረሻ ሦስት ክብ፣ የመጨረሻው ረድፍ አግዳሚ ላይ ይቁም ተባለ።

ልብስ፦ ሴቶቹ ጥልፍ ቀሚስ፣ ነጠላው ወገብ ላይ ይታሰራል። ወንዶቹ አረንጓዴ ቁምጣ አጣን፤ ያላቸውን ይልበሱ፤ ዱላው ካለ ይበቃል።

ጳጉሜን 5፣ ሌሊት

ደክሞኛል፤ ግን ሳልረሳው ልጻፈው።

መብራት አላጠፋንም። ልጆቹ በአንደኛው ክብ ከሰው ጋር ተቀላቅለው ተቀመጡ፤ የተዘጋጀ ቡድን መኖሩን ያላወቀ ብዙ ነበር። አውጪው ከተቀመጠበት ጀመረ። ሁለት ደቂቃ ያህል ድምፅ ብቻ። ከዚያ የወሎዋ ልጅ እጇን አነሣች። ጭብጨባው ከአንደኛው ክብ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሄደ፤ ማንም «አጨብጭቡ» አላለም። ከበሮው ሲገባ ሰው ሁሉ ምቱን ይዞት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ገቡ። ከተቀመጥኩበት የማየው የአንደኛውን ጀርባ ብቻ ነው፤ ከወዲያ ያሉት ደግሞ ፊቱን ያያሉ። በ11 ዓመት ውስጥ የጨፋሪ ጀርባ እንዲህ ሲናገር አይቼ አላውቅም፤ መድረክ ላይ ጀርባ አይታይማ። የሸሚዙ ስፌት መሐል ለመሐል ሲንቀጠቀጥ ትንፋሹን እቆጥረው ነበር።

ስህተትም ነበር። አውጪው አንድ ቦታ ግጥም ጠፋበት፤ ተቀባዮቹ ያንኑ መልስ ስድስት ጊዜ ደጋግመው ጠበቁት፤ ከዚያ አገኘው። ሦስተኛው ክብ ላይ የነበሩ አንድ አባት ከዚያው ቆመው አንድ ስንኝ ወረወሩለት፤ ተቀብሎ ዘፈነው።

ለ15 ደቂቃ ያሰብነው 26 ደቂቃ ሄደ። ያቆመው የድምፅ ባለሙያው አይደለም፤ ከበሮ መቺዋ እጇ ስለዛለ ነው።

መስከረም 1

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ስምንቱ ሴቶች ልጆች፣ አደይ አበባና ከበሮውን ይዘው። አበባየሆሽ ሊሉ ሲጀምሩ የከበሮው ጠባብ አፍ ድምፁ ሞቶ ነበር። ሌሊቱን ዘንቧል፤ ቆዳው እርጥበት ስቧል።

«እትዬ፣ ምድጃ አለ?» አለች ከበሮ መቺዋ፤ ከዚያ ራሷ አስታውሳ «ኧረ እሳት አይሆንም» አለች።

በረንዳው ላይ ፀሐይ ገብታ ነበር። ከበሮውን ጠባብ አፉን ወደ ፀሐይ አድርገን አቆምነው፣ ሁለት ጠፍር አጠበቅን። እስኪሞቅ ድረስ ሻይ አፈላሁላቸው፤ ሙልሙሉን ግን ዛሬም አልጋገርኩም፣ ድፎ ቆረስኩላቸው። ትንሿ በየመሐሉ እየተነሣች ቆዳውን በጣቷ ትነካለች። አራተኛው ላይ ጥርት ብሎ መለሰላት።

አበባየሆሽን ዘፈኑልኝ፣ እኔም ተቀበልኩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው በር ሄዱ። ከበሮውን እስከ ማታ አላየሁትም።